ያሸነፍኩትን ጨዋታ ካበላሸሁ ወዲህ እጄ አልታዘዝ አለኝ

ድሬዳዋ ከዚራ፣ አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል ዛፍ ሥር ቼዝ እንጫወታለን፤ ለእያንዳንዳችን 10 ደቂቃ። ከሦስት ሳምንት በፊት ነጭ ይዤ ንግሥት ቀርታልኛለች፣ ተጋጣሚዬ ንጉሡ ብቻውን ኤ8 ጥግ ላይ ቆሟል። የኔ ንጉሥ ሲ6፣ ንግሥቴ ቢ4። ቢ7 ላይ ባስገባት ያልቃል። እኔ ግን ቢ6 ላይ አሳረፍኳት። ቼክ የለም፣ መሄጃም የለውም፤ ስቴልሜት! አቻ ወጣን። ከበው የሚያዩት ሳቁ፣ ተጋጣሚዬ «አቦ፣ ሻይ በኔ!» አለኝ፤ እሱ ደግሞ ይባስ አቃጠለኝ።

ከዚያ ወዲህ እየመራሁም ቢሆን አንዷን እርምጃ አራት ጊዜ አያታለሁ፣ ሰዓቴ ያልቃል። አምስት ጨዋታ እንዲሁ ሄደ። አንድ ሳምንት አረፍኩ፤ ስመለስ ያው ነኝ። ስልኬ ላይ በንግሥት መጨረስን ተለማመድኩ፤ ብቻዬን ስሆን አንድም አልስትም፣ ስለዚህ የችሎታ ጉዳይ አይመስለኝም። ክራምኒክም የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ በ2006 እ.ኤ.አ. ቦን ከተማ ከኮምፒውተር ጋር ሲጫወት በአንድ እርምጃ ማት ሊደረግ (ንጉሡ ተይዞ ሊሸነፍ) መሆኑን አላየም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ለአንድ ቀን ሠራ።

እንዲህ ያለ የገጠማችሁ፣ ሰዓቱ እየሮጠ «አሁንም ልታበላሸው ነው» የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ያችን ቅጽበት በምን አለፋችኋት?