ድድ መድማቱን ካቆመ ድኗል ማለት ነው?

ሂርማታ
ሰላም የጅማ ልጆች። ጥርስ ሲቦረሽ ድድ የሚደማው ለምንድን ነው? አንዱ «መቦረሹን ተውና በጨው ተጉመጥመጥ» ይላል፣ ሌላው አሞክሳሲሊን ግዛ ይላል። መድማቱ ካቆመስ አለቀ ማለት ነው? ጫት የሚቅምና የሚያጨስ ሰው ላይስ?

የድድ ነገር
መቦረሽ መተው የባሰ ነው። መነሻው ድድና ጥርስ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ የሚለጠፈው ነጣ ያለ ልስልስ ቆሻሻ ነው፤ የምግብ ትራፊ ይመስላል እንጂ የባክቴሪያ ክምችት ነው። ካልተነሳ በምራቅ ውስጥ ያለው ካልሲየም በጥቂት ቀናት ማጠጠር ይጀምራል፣ ድንጋይ ይሆናል። በታች የፊት ጥርሶች ጀርባ የሚብሰው ከምላስ ሥር የሚወጣው ምራቅ እዚያው ስለሚያርፍ ነው።

ከ2 እስከ 3 ሳምንት ሳይጸዳ ከቆየ ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። እዚህ ላይ ከተደረሰበት ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ካለፈ ግን ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ ኪስ ይሠራል። ጤነኛው ክፍተት ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚያ ሲጠልቅ ብሩሽ አይደርስበትም። ቀጥሎ አጥንቱ ይበላል፣ ድዱ ይሸሻል፣ ጥርሱ ይነቃነቃል። ክፉነቱ፣ ብዙ ጊዜ አያምም። የጠፋው አጥንት በእጥበት (ሐኪም ድንጋዩን ሲያነሳ) አይመለስም፤ ባለበት ማስቆም ነው።

መድኃኒት ቤት
የሚያጨስ ሰው ድድ ላይደማ ይችላል፤ ሲጋራው የደም ሥሮቹን ስለሚያጠብብ ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ከሥር አጥንቱ መበላቱን አያቆምም። አሞክሳሲሊን ድንጋይ አያነሳም፣ ያለ ሐኪም አይገዛ። ክሎርሄክሲዲን የሚባለው የአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት ከታዘዘ 10 ሚሊ ሊትር ለ1 ደቂቃ ያህል ጠዋትና ማታ፣ ከ2 ሳምንት ሳያልፍ፤ ሲቆይ ጥርስ ያጠቁራል። ከቦረሹ በኋላ 30 ደቂቃ ይቆዩ፣ የጥርስ ሳሙናው ያዳክመዋል። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ስኳሩን ካልተቆጣጠረ ድዱም አይረጋጋም።

አዌቱ ማዶ
ጫት በአንድ ጉንጭ ብቻ ሲያዝ በዚያው ጎን ድድ የሸሸባቸው ሰዎች ይታያሉ። አፍም ያደርቃል፣ ለስላሳና ስኳር ሲታከልበት ደግሞ ጥርሱም ይበሰብሳል። መፋቂያ መጥፎ አይደለም፤ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ሲለሰልስ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ይጎተታል። ወደ ጎን መፈግፈግ ግን ድዱን ይልጣል። ብሩሹም ለስላሳ ይሁን፣ ወደ ድዱ 45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ፣ በቀን 2 ጊዜ፣ 2 ደቂቃ። በጥርስ መሃል ክር ካልገባ እዚያ ያለው ቆሻሻ አይወጣም።

ሂርማታ
አመሰግናለሁ። ግን ማሳጠብ ጥርስ ያሳሳል ይላሉ?

የድድ ነገር
አያሳሳም። ድንጋዩ ሲነሳና እብጠቱ ሲወርድ ተሸፍኖ የነበረው ክፍተት ይታያል፣ ለጥቂት ቀናትም ቀዝቃዛ ነገር ያንዘረዝራል። የሚነቃነቅ ጥርስ ወይም መግል ካለ ግን እጥበት ብቻ አይበቃም፤ የኪሱ ጥልቀት ተለክቶ ራጅ መነሳት አለበት።