ጥያቄ፦ በፍልሰታ ከእናቴ ጋር ወደ ስኮትላንዷ መል ደሴት፤ ኮቴጅ ወይስ ቢ ኤንድ ቢ?

ጠያቂዋ (በርሚንግሃም)
ሰላም ለሁላችሁ። በነሐሴ መጀመሪያ ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለማይኖራቸው መል ደሴት አንድ ሳምንት ለማሳለፍ አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ የመጣች እናቴ ነን። የእሷ ጉጉት ከመል ማዶ ያለችው አዮና ናት። ቅዱስ ኮሉምባ እ.ኤ.አ. በ563 ገዳም የመሠረተባትን ደሴት በዓይኗ ማየት ትፈልጋለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ፍልሰታን ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች። ቢ ኤንድ ቢ (አልጋና ቁርስ የሚሰጥ የእንግዳ ማረፊያ) የሚቀል መስሎኝ ነበር፤ ባለቤቴ ኮቴጅ (ራሳችን የምናበስልበት፣ ሙሉውን የሚከራይ ቤት) ይሻላል ይላል። መኪና አለን። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩን።

የግላስጎዋ
እህቴ፣ ባለቤትሽ ልክ ነው። ቢ ኤንድ ቢ የሚያስከፍልሽ ለአልጋና ለቁርስ ነው። ቁርሱ የሚቀርበው ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ እናትሽ ደግሞ እህል የሚቀምሱት 9 ሰዓት ላይ። የተከፈለበት ቁርስ ይቀራል፣ ወጥ ቤታቸው ገብተሽም ማብሰል አትችዪም። ሳህኑ ላይ የሚመጣውም ቤከን፣ ቋሊማ፣ እንቁላልና ከደም የሚሠራ ጥቁር ፑዲንግ ነው።
ኮቴጅ ከያዛችሁ ሽሮሽን በሰዓትሽ ትሠሪያለሽ። እንጀራውንና በርበሬውን ከቤት ያዢ። አስቤዛውን ከመሻገራችሁ በፊት መርከቡ በሚነሳበት ወደብ፣ ኦባን ላይ ጨርሱ፤ ደሴቱ ላይ ያሉት ሱቆች ትንንሽ ናቸው። ሽንኩርት ስታቁላዪ መስኮቱን ክፈቺ፣ የጭስ ማንቂያው ወዲያው ነው የሚጮኸው።

አባል ከሊድስ
ቢ ኤንድ ቢንም አትናቁት። ባለቤቶቹ እዚያው ስለሚኖሩ የአየሩን ጠባይ፣ የመንገዱን ሁኔታ፣ የትኛው ሱቅ መቼ እንደሚዘጋ ይነግሯችኋል። የጾም ምግብም አስቀድሞ ከተነገራቸው ያዘጋጃሉ። «ቪጋን» በሏቸው፤ በውኃ የተሠራ የአጃ ገንፎ፣ እንጉዳይ፣ ቲማቲምና ባቄላ ይሰጧችኋል። ለጉልበት ሕመምተኛ ግን ይከብዳል። መኝታ ክፍሎቹ ብዙ ጊዜ ፎቅ ላይ ናቸው፣ ደረጃውም ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። እኔም ለናንተ ኮቴጅ ነው የምለው።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ኮቴጆች አይተናል። አንዱ ቶበርሞሪ ነው፤ በቀለማት ያሸበረቁት ቤቶች ያሉበት ወደብ፣ ልጆቹ በፎቶ አይተው ወደውታል። ሌላው ቡነሰን መንደር ነው፣ ዋጋውም ቀነስ ይላል። የቱ ይሻላል? የትኛውንስ ነው የምናስቀድመው፣ ቤቱን ወይስ መርከቡን?

የግላስጎዋ
ቡነሰንን ያዙ። ወደ አዮና የሚያሻግረው ጀልባ የሚነሳው ከፊነፎርት ነው፤ ከቡነሰን ቅርብ ነው። ከቶበርሞሪ ግን ለአንድ ጉዞ ብቻ ወደ 2 ሰዓት ትነዳላችሁ። እናትሽን በጾም ሆዳቸው እንደዚያ ማመላለስ ልክ አይሆንም። ቶበርሞሪን ለልጆቹ አንድ ቀን ደርሳችሁ ተመለሱ።
ከመክፈልሽ በፊት ስለ መታጠቢያው ጠይቂ። አሮጌ ቤቶች ውስጥ ሻወሩ ገንዳው ላይ ነው የሚገጠመው፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ያን ጠርዝ መሻገር አይችልም። ምድር ቤት መኝታ መኖሩንም አረጋግጪ። ሌላው ደግሞ፣ ስኮትላንድ ውስጥ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት ሁሉ ፈቃድ ማውጣት አለበት፣ ቁጥሩም ማስታወቂያው ላይ መኖር አለበት። ቁጥር ሳይሰጥሽ ገንዘብ በባንክ ላኪ የሚልሽ ካለ ተዪው።

አዮናን የማውቅ
ለእናትሽ አንድ ነገር ልጨምር። አሁን የሚታየው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ከኮሉምባ ዘመን በጣም የኋላ ነው፤ 1200 አካባቢ የተተከለ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የታደሰ። ደጁ ላይ ያለው የቅዱስ ማርቲን መስቀል ግን ከ8ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሟል። በአንደኛው ገጽ መሐሉ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀርጻለች፤ ከሥሯ ዳንኤል በአናብስት መካከል፣ አብርሃምም ይስሐቅን ሊሠዋ ይታያሉ። በፍልሰታ እዚያ መቆም መታደል ነው፤ እናትሽን አታቻኩሏቸው።
የጎብኚ መኪና አዮና አይገባም። ፊነፎርት አቁማችሁ 10 ደቂቃ በጀልባ፣ ከዚያ በእግር ነው። ለሷ በቀስታ ግማሽ ሰዓት ያዙላት።

የኤድንብራው ሹፌር
መርከቡን አስቀድሙ። ከኦባን እስከ መል ወደብ ክሬግኑር 50 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ግን በበጋ የመኪና ቦታ ቶሎ ያልቃል። ኮቴጆች ደግሞ በአብዛኛው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስለሚከራዩ ሁሉም የሚሻገረው በአንድ ቀን ነው። ስለዚህ የመርከብ ድርጅቱን የካልማክን የቅዳሜ ቦታ በኢንተርኔት እዩ፤ መሄጃም መመለሻም ካለ ዛሬውኑ ሁለቱንም ያዙ።
ከክሬግኑር ፊነፎርት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኛው አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ መንገድ ነው። መኪና ለማሳለፍ በየቦታው ሰፋ ተደርገው የተሠሩት ማሳለፊያዎች በግራሽ ሲሆኑ ግቢባቸው፣ በቀኝ ሲሆኑ ትይዩአቸው ቁሚ። ከኋላሽ የሚቸኩል ካለም አሳልፊው። በግ መሐል መንገድ ላይ ይተኛል፤ ከ1 ሰዓት ከሩብ በታች አታስቡ። ማዕበል ሲነሳ መርከብ ስለሚሰረዝ የእናትሽን የመመለሻ በረራ ከቅዳሜው ጋር አታጣብቁት።
ነፋስ በሌለበት ምሽት ደግሞ ሚጅ የምትባል ደቃቅ ነካሽ ትንኝ ትወጣለች። የሚቀባ መከላከያ ግዙ፣ ማታ መብራት አብርታችሁ መስኮት አትክፈቱ።