3 በ4 ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ደሴ፦ ዕቃውን እንዴት እናብቃቃው?

ጠያቂዋ፦
ሰላም። ደሴ የተከራየነው ክፍል 3 በ4 ነው፤ ግድግዳው ጭቃ ሆኖ ላዩ በሲሚንቶ ተለስኗል። ባለ 1.20 አልጋ፣ ቁም ሳጥንና የኤሌክትሪክ ምጣድ ወለሉን ጨረሱት። መደርደሪያ ብንሰቅል ፊሸሩ (ቪቴ የሚገባበት ፕላስቲክ) ከነአፈሩ ተነቅሎ ወጣ። ምን ይሻላል?

አናጺ፦
አብሽሪ እህቴ፣ መደርደሪያው ይሰቀላል። ፊሸር ጭቃ ላይ አይሠራም፤ ቪቴው ሲገባ እየሰፋ ጠንካራ ነገር ላይ ነው የሚቆነጠጠው፣ ጭቃና ጭዱ ግን ይፈረፈርበታል። ክብደቱን ውስጥ ላለው ቋሚ እንጨት ስጪው። አከራዩን አስፈቅደሽ ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ቀስ እያልሽ አንኳኪ፤ ድምፁ ደፈን ካለበት ቀጭን ሚስማር ምቺ። ጭቃ ከሆነ ሰተት ብሎ ይገባል፣ እንጨት ከሆነ ይነክሳል። ሁለት ቋሚ ስታገኚ ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ እንጨት) አግድም እሰሪባቸው። የሞራሌው ውፍረት 5 ሳንቲም ነው፣ ልስንና ጭቃው ደግሞ 3 ወይም 4 ይወስዳል፤ ከ12 ሳንቲም ያጠረ ቪቴ እንጨቱን በቅጡ አይዝም። አስቀድሞ በትራፓኖ ይበሳ፤ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል። የመደርደሪያው ስፋት 25 ሳንቲም ይበቃል፣ ከፍታው ከ1.90 በላይ ይሁን።

የቤት ዕቃ ሠሪ፦
አልጋውን እግር አስቀጥላችሁ ከሥሩ 40 ሳንቲም ክፍት አድርጉት፤ ጎማ ያላቸው ሣጥኖች ይገባሉ። ካርቶን አታስገቡ፣ የደሴን ክረምት እርጥበት ይጠጣል። ፍራሹ በድፍን ጣውላ ላይ ከተኛ ከሥሩ ይሻግታል፤ 5 ሳንቲም እየተራራቀ የተመታ ርብራብ ይሻላል። ከግድግዳውም 5 ሳንቲም ይራቅ።

ምጣዱን ጎማ ባለው 65 በ65 ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፣ ከሥሩ ድስትና ዱቄት ይቀመጣል። ስትጋግሩ ወደ በሩ ሳቡት፤ እንፋሎቱ የቺፕውድ ቁም ሳጥን ጠርዝ ያሳብጣል። ሳይቀዘቅዝ እንዳትመልሱት። ማከፋፈያ ላይም አይሰካ፤ 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ ወደ 16 አምፔር ስለሚፈልግ ገመዱ ይቀልጣል።

ከኮምቦልቻ፦
ብሎኬት ቤት ላላችሁ ደግሞ፣ ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ አጭር ፊሸር ባዶ ይሽከረከራል። የትራፓኖውን የመዶሻ ምት አጥፍታችሁ ብሱ፣ ረጅም ፊሸር ተጠቀሙ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልን። ታጣፊ ጠረጴዛስ እንዲህ የታሰረ ሞራሌ ይሸከማል?

አናጺ፦
ይሸከማል። ሌላ ሞራሌ በ75 ሳንቲም ከፍታ እሰሪና 80 በ50 ጣውላ በ3 ማጠፊያ አያይዢበት። ከፊት በኩል ግን የሚታጠፍ እግር ይኑረው፤ ሰው ክርኑን ሲያሳርፍበት ማጠፊያው ይነቀላል።