የልጄ የእግር ኳስ ሥልጠና በየጊዜው እየተሰረዘ ተቸግሬያለሁ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወላጆች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የምንኖረው አያት አካባቢ ነው። የ9 ዓመት ልጄን ቅዳሜና እሑድ ጠዋት በሚሰጥ የታዳጊዎች የእግር ኳስ ሥልጠና አስመዝግቤዋለሁ። የ3 ወሩን ክፍያ ከነማሊያው ቀድመን በቴሌብር ከፍለናል።

ችግሩ ልምምዱ አንድ ቀን ካለ ሌላ ቀን የለም። መሰረዙ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ የሚነገረን ደግሞ ልጆቹ ሜዳ ከደረሱ በኋላ ነው። አንዴ ሜዳው ለሌላ ቡድን ተከራይቷል ይባላል፣ አንዴ አሠልጣኙ ጨዋታ አለው። ዝናብ ቢሆን ይገባኛል፤ በክረምት ማን ይወቅሳል? ልጄ ግን ገና ሳይነጋ ተነስቶ፣ ታኬታውን አስሮ በር ላይ ይጠብቀኛል። ባለፈው ቅዳሜ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ "አሠልጣኙ እኔን ስለማይወደኝ ነው እንዴ የቀረው?" አለኝ። አንጀቴን በላው።

ገንዘቡ ይመለስልኝ ስል "የተከፈለ አይመለስም" አሉኝ። ደረሰኝ አልሰጡንም፤ በእጄ ያለው የቴሌብር መልእክትና ግሩፑ ላይ የጻፉት ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አገልግሎትንም እንደሚጨምር አውቃለሁ። አቤቱታው የሚቀርበው ግን ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው ወይስ ለወጣቶችና ስፖርት? በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን እንዴት አስመለሳችሁ? የሌሎቹን ወላጆች ፊርማ ማሰባሰብስ ይጠቅማል?

ደግሞ በአያት፣ በሲኤምሲ ወይም በመገናኛ አካባቢ ሰዓት የሚያከብር፣ በየወሩ የሚያስከፍል ሥልጠና የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ልጁ ኳሱን እንዲተው አልፈልግም።