«የአምራቹ ሰርተፊኬት አለው» ለተባለ ኮሮላ ጭማሪ ልክፈል?

ጥያቄ፦ ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከአሜሪካ የገባ የ2019 ኮሮላ ልገዛ እየተደራደርኩ ነው። ሻጩ «ያገለገለ ቢሆንም አምራቹ ራሱ ፈትሾ ሰርተፊኬት ሰጥቶታል» እያለ ከሌሎቹ አስወድዶ ይጠራበታል። ያሳየኝ የታጠፈ ወረቀት ነው፤ የራይት ምልክት ብቻ ተደርድሮበታል። የተነዳውን ርቀት የሚቆጥረው ጌጅ ላይ 61 ሺህ ይላል። ከገዛሁት መኪናው በየቀኑ ደሴ ደርሶ ይመለሳል። ሰርተፊኬቱ ለእኔ ምን ይፈይድልኛል?

መልስ፦ ሸዋበር ጋራዥ

አብሽር ወንድሜ፣ ነገሩ ባዶ ወሬ አይደለም። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ይህን ሰርተፊኬት የሚሰጠው ወኪሉ 160 ነጥብ ፈትሾ ጉድለቱን ካሟላ በኋላ ነው። ኢንሹራንስ «አይጠገንም» ብሎ የጣለው መኪና በዚያ በር አያልፍም። ሁለት ዋስትናም አለው፤ አንዱ አጠቃላይ ሆኖ ለ12 ወር ወይም ለ12 ሺህ ማይል ነው፣ ሌላው ለሞተርና ለካምቢዮ ሆኖ ለ7 ዓመት ወይም ለ100 ሺህ ማይል ነው። ሰባቱ ዓመት ግን የሚቆጠረው መኪናው አዲስ ሆኖ ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ ነው። በ2019 የተሸጠ በ2026 ያበቃል ማለት ነው። ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የመስታወት መጥረጊያ መጀመሪያውኑ አይካተቱም።

ከሁሉ በላይ ይህ የአሜሪካ ገበያ ዋስትና ነው። ኮምቦልቻ ላይ ካምቢዮው ቢወድቅ ከኪስህ ነው። ስለዚህ ለዋስትናው ብለህ አንድ ብር አትጨምር። ዋጋ ያለው የፍተሻው ዝርዝርና የሰርቪስ ታሪኩ ነው፤ ዘይቱ መቼ ተቀየረ፣ ምን ተነቅሎ ምን ገባ የሚለው። ይህን ካላመጣ ወረቀቱ ጌጥ ነው።

መልስ፦ ፒያሳ ወረቀት

ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ፈልግ፦ 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር፣ የተፈተሸበት ቀን፣ የዚያ ቀን የጌጅ ንባብ፣ የወኪሉ ስም። የሻንሲ ቁጥሩን ከፊት መስታወቱ ሥር በሾፌሩ በኩል ካለው፣ በሩ ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው፣ ከሊብሬውም ጋር አስተያይ። አንዷ ፊደል ብትለይ ወረቀቱ የሌላ መኪና ነው። ለአሜሪካ ገበያ በተሠራ መኪና 10ኛዋ ምልክት የሞዴል ዓመቱን ትናገራለች፤ ኬ 2019፣ ኤል 2020 ናት።

በዚያው ቁጥር የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ያልተሠራ ሪኮል (አምራቹ ጉድለት አግኝቶ መኪናውን ለነፃ ጥገና የሚጠራበት) እንዳለ በነፃ ይታያል። ይህን አትለፈው። ቶዮታ በ2020 ከ2011 እስከ 2019 ሞዴል ያሉ ኮሮላዎችን ጨምሮ 3.4 ሚሊዮን መኪና ጠርቷል። ችግሩ በግጭት ጊዜ የኤሌክትሪክ ረብሻ የኤርባጉን መቆጣጠሪያ ስለሚያውከው ኤርባጉ ላይከፈት መቻሉ ነው። መፍትሔው በመቆጣጠሪያውና በሽቦው መካከል የሚገባ ማጣሪያ ነው።

ጠያቂው፦

አመሰግናለሁ። የሻንሲ ቁጥሩ ገጥሟል፣ 10ኛዋም ኬ ናት። የፍተሻው ቀን 2021 ሲሆን ንባቡ 38,400 ነው። እንግዲህ 61 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ ብዙ አልሄደም አይደል?

መልስ፦ ሸዋበር ጋራዥ

ቆይ፣ የአሜሪካ ጌጅ የሚቆጥረው በማይል ነው። 61 ሺህ ማይል 98 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድርድሩን በዚህ ቁጥር ጀምር። የወረቀቱ ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው፤ በ2021 38,400 የነበረ ጌጅ ዛሬ 30 ሺህ ቢያሳይ መመለሱን ወዲያው ታውቅ ነበር። ጌጁ በኪሎ ሜትር የሚቆጥር ሆኖ ካገኘኸው ደግሞ ተቀይሯልና ለምን ብለህ ጠይቅ።

መልስ፦ ዳገት ቁልቁለት

የ2021 ፍተሻ የ2021 ነው፤ ከዚያ ወዲህ መርከብ፣ ወደብ፣ የእኛም መንገድ አለ። ስለዚህ እንደ አዲስ ፈትሸው።

ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ድረስ። ኮፈኑን በእጅህ ንካ፤ ሞቆ ከጠበቀህ በብርድ ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅ ተሰውሮብሃል። ቁልፍ ስትከፍት የኤርባግ መብራት በርቶ በሰከንዶች ውስጥ መጥፋት አለበት። ጭራሹን የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ወይም መስመሩ ተነክቷል። ቀጭን ማግኔት በወረቀት ጠቅልለህ በየበሩ ላይ አስጠጋ፤ የማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ (የተጎዳ አካል መሙያ) አለ።

ከዚያ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ውጣ። 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 600 ሜትር ያህል ትወጣለህ፣ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ የለም። ደሴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ድካሙን ብቻ አይተህ አትፍረድ። የምትፈልገው ሌላ ነው፦ የሙቀት መርፌው ከመሃል ይወጣል ወይ፣ ሲቪቲ ካምቢዮው (በማርሽ ደረጃ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራው አውቶማቲክ) ዳገት ላይ ይንቀጠቀጣል ወይ፣ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት አልጨምር ይላል ወይ። የመጨረሻው ከታየ ተወው፣ የዚህ ካምቢዮ ጥገና ውድ ነው።

ስትወርድ ከ60 ወደ 30 ፍሬን ያዝ። መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል፣ ወደ አንድ ጎን ከጎተተ ፒንሳው (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው) ተይዟል። ራዲያተሩን ግን በሙቀቱ አትክፈት፣ ያቃጥልሃል፤ በማግስቱ ቀዝቅዞ ክዳኑን ከፍተህ ሞተሩን አስነሳ፣ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ የተበላሸው የቴስታታው ጋርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው።

መልስ፦ ፒያሳ ወረቀት

አንድ ልጨምር። መኪናውን በስካነር ስታስመረምር የብልሽት ኮድ አለመኖሩን ብቻ አትይ፤ የመኪናው ኮምፒውተር የራሱን ፍተሻዎች ጨርሶ እንደሆነም ጠይቅ። ብዙዎቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ ኮዱ በቅርቡ ተጠፍቷል ወይም ባትሪው ተነቅሏል። ጥቂት ቀን ተነድቶ እንደገና ይታይ።

ቀብድ ሳትሰጥም መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ እዳና እገዳ አጣራ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን እይ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዞርልህም። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነም ውክልናው መሸጥን በግልጽ ይጥቀስ፣ አለመሻሩንም ከሰጠው ቢሮ አረጋግጥ።