ያደግኩበት ቤት ልጅ እያሳደግኩ ነው፣ ማመስገን ለምን አቃተኝ?

የመንደራ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? ጅማ ነው ያለሁት፣ ያደግኩበት ቤት ውስጥ፣ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር። ባለቤቴ ሥራው አዲስ አበባ ነው። 350 ኪሎ ሜትር መንገድ ስለሆነ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ልጃችን ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ከውጭ ለሚያየኝ ምንም የሚያማርር ነገር የለኝም። ኪራይ አልከፍልም። ግቢው ሰፊ ነው፣ አቮካዶ አለ፣ ዘይቱን አለ፣ አጥሩ ሥር አባቴ የተከላቸው የቡና እግሮች አሉ፣ ልጁ ሲሯሯጥ ይውላል። ሥራ ስሄድ ሞግዚት አልፈልግም፣ እናቴ አለች። ውጭ ያሉት እህቶቼ በደወሉ ቁጥር "አንቺ ታድለሽ፣ አመስግኚ" ይሉኛል።

እኔ ግን ይመረኛል። ልጁ አልበላም ባለ ቁጥር እናቴ ስኳር የበዛበት ሻይ በዳቦ ትሰጠዋለች። ለቡና የመጣ ጎረቤት ሁሉ "ከሳ፣ ብርድ መታው፣ ካልሲ የለውም" ይላል። ዝናቡ አያባራ፣ የልጅ ልብስ አይደርቅ። ከባለቤቴ ጋር በስልክ ለመጨቃጨቅ እንኳ ጓሮ ወጥቼ በሹክሹክታ ነው የምጨቃጨቀው (ሳቁ እንጂ)። ከዚያ ደግሞ እናቴ ወገቧን እያመማት ጎንበስ ብላ ልጄን ስታጥብ ሳይ ራሴን እታዘባለሁ። ወላጅ ቤት ልጅ የምታሳድጉ፣ ከአፍ ያለፈ ምስጋና እንዴት ነው የሚመጣው?

አዌቱ ማዶ፦
እህቴ፣ እኔ ያለሁት አማቴ ቤት ነው፣ እዚሁ ጅማ ቆቺ ሰፈር። አንቺ ቢያንስ እናትሽን መቆጣት ትችያለሽ።

እኔን ያቀለለኝ ገንዘብ ነው፣ አትፍረጂብኝ። መጀመሪያ ላይ "ልጆቼ አይደላችሁ እንዴ" እያሉ ሳንቲም አያስወጡንም ነበር። ያኔ እያንዳንዱ ጉርሻ ውለታ ሆነብኝ። ውለታ የበዛበት ሰው ደግሞ ማመስገን ሳይሆን መጥፋት ነው የሚያምረው። ከዚያ የመብራቱን ካርድ እኔ ልሙላ አልኩ፣ ጤፉን ባለቤቴ ያዘ፣ እንጀራ መጋገሩን ደግሞ እኔ ወሰድኩ። ከዚያ ወዲያ የምናገረው ነገር ቤቱ ውስጥ መሰማት ጀመረ፣ እሳቸውም ስለ ልጁ "ምን ይሻላል ትያለሽ?" ይሉኛል።

ምስጋናውን ደግሞ በጅምላ አትፈልጊው። ሰውየውን እያመሰገኑ በነገሩ መናደድ ይቻላል፣ ሁለቱ አይጣሉም። አንድ ያየሽውን ነገር ለይተሽ ንገሪያት። እኔ አንድ ማታ "እማማ፣ ትናንት ልጁን ሲያተኩሰው ይዘውልኝ ባያድሩ ኖሮ ዛሬ ሥራ አልገባም ነበር" አልኳቸው። ደንግጠው "ምነው፣ ልትሄዱ ነው እንዴ?" አሉኝ። ምን ያህል ጊዜ ሳልናገር እንደኖርኩ አስቢው።

ነርሷ፦
ስለ ምስጋናው እነሱ ይንገሩሽ፣ እኔ ስለ ሻዩ ላውራ። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘው አይረን ይቀንሳል፣ ስኳሩ ደግሞ ፍላጎቱን ይዘጋዋል። አልበላም ያለ ልጅ ሻይ በጠጣ ቁጥር ይብስበታል ማለት ነው። ይህንን ግን አንቺ አትንገሪያት። ለእሷ አሁንም ልጅ ነሽ፣ አትሰማሽም። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ይዘሻት ሂጂና ከባለሙያ አፍ ትስማው። በ15 ወር የሚሰጠውን ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ካልወሰደ ሰበቡ ይኸውልሽ።

የምትጣዪበትን ምረጪ። ካልሲውን ተይው፣ ያድርግ፣ ኮፍያም ይደርብ፣ አይጎዳውም። እንጥል ይቆረጥ የሚል ወሬ ከተነሳ ግን ማንም ይቀየም ማን ፍንክች አትበይ። አራስ ልጅ ቅቤ ማዋጥም እንደዚያው ነው፣ ለሚቀጥለው ልጅ ካሁኑ ተነጋገሩበት። ማርም፣ የጅማ ማር የቱንም ያህል ቢወደስ፣ ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም (ያንቺው አልፎታል፣ አትጨነቂ)። ቡና ሲፈላ ልጁ ከምድጃው ይራቅ፣ በጀበና የተቃጠሉ ልጆች ብዙ አይቻለሁ። አጎበሩንም አትርሺ፣ ከተማ ነው ብሎ ወባ አይምርም።

የጅሬን አባት፦
የተባለው ሁሉ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን አንድ ነገር ልቃወም። እህታችን የደከማት ነው የሚመስለኝ እንጂ ምስጋና የጎደላት አይደለችም። ቀን ሥራ፣ ማታ ልጅ፣ ባል በወር አንዴ። እንቅልፍ ያጣን ሰው አመስግን ማለት ምን ይሉታል? ደግሞ ወንድምሽ ምን ይሠራል? አልጻፍሽም። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን ይዞልሽ ይውጣ፣ አንቺ ተኚ።

እኔም ሴት ልጄን የማሳድገው አባቴ ቤት ነው። ከአያቶቿ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ታወራለች፣ ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማራትም። አባቴ እጇን ይዞ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይወጣል፣ ተመልሳ ለእኔ የምታወራልኝን እኔ ራሴ በልጅነቴ አልሰማሁም፣ ለእኔ ጊዜ አልነበረውማ። ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ብንወጣ ይሄ ይቀርባት ነበር።

ያልተነሳ ነገር ልጨምር፣ ቤቱ የማን ነው? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች እኩል ወራሾች ናቸው። ነገ ቆርቆሮ ብታስቀይሪ፣ ሰርቪስ ቤት ብትሠሪ፣ ከእህቶችሽ ጋር አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ፣ እናትሽ እያለች። እኛ ቤት የጎንዮሽ ንግግሩ የቀረው ከተጻፈ ወዲህ ነው።

የመንደራ ልጅ፦
ኑሩልኝ። ነርሷ፣ ክትባቱን ወስዷል፣ ግን ለክብደት ብዬ ማክሰኞ ይዣት እሄዳለሁ። ወንድሜን ስጠይቀው "እስከ ዛሬ ማን ጠየቀኝ?" አለ፣ በጣም ነው ያናደደኝ፣ ግን ቅዳሜን ተቀብሏል።

የጅሬን አባት፣ የቤቱን ነገር እንዴት ነው የሚነሳው? እኔ ባነሳው እናቴ "ልትቀብሩኝ ነው" ብላ ነው የምታለቅሰው።

የጅሬን አባት፦
አንቺ አታንሺው። እኛ ቤት ያስጀመረው አጎቴ ነው፣ በበዓል፣ ሁሉም ተሰብስቦ በልቶ ከጠጣ በኋላ። ልጅ ሲያነሳው ስስት ይመስላል። እናትሽ የምታከብረው ታላቅ ሰው ካለ ለእሱ ንገሪው፣ እህቶችሽም በስልክ ይግቡ፣ ኋላ አልሰማንም እንዳይሉ።