ብራዚላዊት ሜዞ ሶፕራኖ ሙያዋን ለመገንባት ከአገሯ መውጣት ያለባት ለምንድን ነው?

ጥያቄ

ስለ ብራዚል ኦፔራ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ስለ ሆነ፣ ሰሞኑን የአገሪቱን ሜዞ ሶፕራኖ (ባጭሩ ሜዞ፤ ከከፍተኛው የሴት ድምፅ ከሶፕራኖ ዝቅ የሚል ድምፅ ያላቸው) ድምፃውያት የሕይወት ታሪክ ሳነብ ቆይቻለሁ። ያስገረመኝ የብዙዎቹ ታሪክ እርስ በርሱ መመሳሰሉ ነው፤ ትምህርቷን በሪዮ ደ ጃኔሮ ወይም በሳኦ ፓውሎ ትጀምራለች፣ በአንድ የድምፅ ውድድር ትታወቃለች፣ ወደ አውሮፓ ትሻገራለች፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ «ካርመን» በተባለው ኦፔራ ለመዝፈን ተጋብዛ ትመለሳለች። ብራዚል ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የኦፔራ ቤቶች እያሏት ይህ ጉዞ እንደ ግዴታ የሚቆጠረው ለምንድን ነው? ዝናን ፍለጋ ነው ብዬ ለመጻፍ አልደፈርኩም። ጉዳዩን በቅርብ የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1

አለመድፈርዎ ተገቢ ነው፤ ጉዳዩ ከዝና ይልቅ የቅጥር ጉዳይ ነውና። በጀርመን ብዙ ከተሞች የሚገኙ ኦፔራ ቤቶች ብቸኛ ድምፃውያንን በወር ደመወዝ ቀጥረው ያኖራሉ። በዚህ ዓይነቱ ውል የገባች ወጣት በአንድ የትዕይንት ወቅት ውስጥ ጥቂት ስንኝ ብቻ ካላት ገረድ አንሥቶ እስከ ዋና ገጸ ባሕርይ ድረስ ልዩ ልዩ ሚናዎችን ትጫወታለች፤ ስሕተቷንም እዚያው መድረክ ላይ እያረመች ታድጋለች። በብራዚል ግን በ1909 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሪዮ ኦፔራ ቤት ቴአትሮ ሙኒሲፓልም ሆነ በ1911 የተከፈተው የሳኦ ፓውሎ አቻው የራሳቸው ኦርኬስትራና የመዘምራን ቡድን ቢኖራቸውም፣ ብቸኛ ድምፃውያንን የሚያዋውሉት በአብዛኛው ለአንድ ዝግጅት ብቻ ነው። ዝግጅቱ ሲያበቃ ውሉም ያበቃል። በ1896 በተከፈተው የማናውስ ከተማ ኦፔራ ቤት ቴአትሮ አማዞናስ ከ1997 ጀምሮ የሚካሄደው የኦፔራ ፌስቲቫል ትልቅ ዕድል ቢሆንም፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያኖር አይደለም።

ለዚህ ታሪካዊ ምክንያትም አለው ብዬ አምናለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን ቡድኖች የአውሮፓ ቲያትሮች ለበጋ ሲዘጉ በመርከብ ወደ ሪዮና ወደ ቦነስ አይረስ ይጓዙ ነበር። ኋላ ዝነኛ የኦርኬስትራ መሪ የሆነው አርቱሮ ቶስካኒኒ በ1886 ገና የ19 ዓመት የቼሎ ተጫዋች ሳለ በድንገት ተነሥቶ የቨርዲን ኦፔራ «አይዳ»ን የመራው በዚህ ዓይነት ጉዞ ላይ፣ በሪዮ ነበር። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለቶስካኒኒ ክብር ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ብራዚላዊው ተመልካች ኦፔራን የተለማመደው ከባሕር ማዶ ተዘጋጅቶ እንደሚመጣ ነገር አድርጎ መሆኑ ነው።

መልስ 2

ከላይ የቀረበው ማብራሪያ ትክክል ቢሆንም ለሶፕራኖም ለቴነርም (ከፍ ላለው የወንድ ድምፅ) እኩል ይሠራል። የሜዞዋ ችግር ግን ሌላ ተጨማሪ ነገር አለው፤ የአገሯ ዝነኛ ሥራዎች የተጻፉት ለእሷ ድምፅ አይደለም።

በብራዚሏ ካምፒናስ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ካርሎስ ጎሜስ በ1870 ሚላኖ በሚገኘው ኦፔራ ቤት ላ ስካላ ያስመረቀው «ኢል ጓራኒ» የብራዚል ኦፔራ መለያ ነው፤ በውስጡ ያለችው ብቸኛ ዋና ሴት ቼቺሊያ ግን ሶፕራኖ ናት። የብራዚላዊው ደራሲ የቪላ ሎቦስ «ባኪያናስ ብራዚሌይራስ ቁጥር 5» ደግሞ በዓለም ሁሉ የሚታወቅ የብራዚል ዜማ ሲሆን፣ እሱም የተጻፈው ለሶፕራኖና ለቼሎዎች ነው። የሪዮዋ ተወላጅ ሶፕራኖ ቢዱ ሳያዎ በ1937 በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት «ማኖን» ሆና ከቀረበች በኋላ ይህንኑ ዜማ በ1945 በራሱ በደራሲው መሪነት ስትቀዳ፣ የአገሯን ሙዚቃና የራሷን ስም አንድ ላይ ይዛ ወጣች። ለሜዞዋ እንዲህ ያለ የአገር ቤት ስንቅ አልተዘጋጀላትም። መታወቂያዋ የሚሆኑት በጣሊያንኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ የተጻፉ ሚናዎች ስለ ሆኑ፣ ቋንቋዎቹን ባሉበት መማሯ የሚጠበቅ ነው። (በነገራችን ላይ የፖርቱጋልኛ የአፍንጫ አናባቢዎች ለፈረንሳይኛ መዝሙር ጥሩ መንደርደሪያ ይሆኗታል፤ ይህን ጥቅም ብዙ ሰው አያስተውለውም።)

ሌላው የጊዜ ነገር ነው። ቀለል ያለ ድምፅ ያላት ሜዞ የሞዛርትን ኬሩቢኖ ወይም የሮሲኒን ሮዚና የተባሉ ሚናዎች በወጣትነቷ ልትዘፍን ትችላለች። የቨርዲን ከባድ ሚናዎች አምኔሪስና አዙቼናን የሚሸከም ድምፅ ግን ብዙውን ጊዜ የሚበስለው ከሠላሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ ነው። ስለዚህ ከባድ ድምፅ ያላት ልጅ ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ ለዓመታት በትንንሽ ሚናዎች እየኖረች ድምፅዋን መጠበቅ አለባት፤ በዝግጅት ብቻ በሚከፈልበት አገር ይህን ትዕግሥት የሚሸፍንላት ማን ነው? ወቅቱ ሳይደርስ አምኔሪስን ተቀብላ ድምፅዋን የምትጎዳው ብዙ ጊዜ በችኮላ ሳይሆን በችግር ነው።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የጓራኒውን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። እንግዲህ «ካርመን» በሁሉም ታሪክ ውስጥ የሚደጋገመው የኦፔራው ስም የሜዞዋ ስም ስለ ሆነ ነው ማለት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከአውሮፓ ወደ ብራዚል የመጣች ሜዞ ነበረች?

መልስ 2

አዎ፣ ስለ «ካርመን» ያሉት ልክ ነው፤ ቲኬት የሚሸጥ ኦፔራ ሆኖ ዋናው ሚና ለሜዞ የተሰጠበት ብዙ አያገኙም።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ ጋብሪኤላ ቤዛንዞኒን ይመልከቱ። በ1888 ሮም የተወለደች፣ ዝቅተኛ ድምጿ የገነነ፣ በካርመንነቷ የታወቀች ድምፃዊት ነበረች፤ በ1920 በሃቫና ከዝነኛው ቴነር ኤንሪኮ ካሩሶ ጋር ዘፍናለች። ብራዚላዊውን የመርከብ ባለሀብት ኤንሪኬ ላጄን አግብታ በሪዮ ስትኖር፣ ባሏ በኮርኮቫዶ ተራራ ግርጌ የጣሊያን አሠራር ያለው ቤተ መንግሥት መሰል ቤት አስገነባላት፤ በመጨረሻ ግን ወደ ሮም ተመልሳ በ1962 እዚያው ዐረፈች። ቤቱ ዛሬ ፓርኬ ላጄ ተብሎ የሚጎበኘው ነው። ከ1975 ጀምሮ ትምህርት ቤት ሆኖ ያገለግላል፤ የሚሰጠው ትምህርት ግን የሥዕልና የመሰሎቹ ጥበባት እንጂ የመዝሙር አይደለም።